ሣጥኗ በየንጋቱ የምትጽፍልሽ

ውድ የሣጥኗ እናት፣

እንደምን ከረምሽ? አዲሱ መሥሪያ ቤት እንዴት ነው? ወንበሩ ይሽከረከራል? እኛ ደህና ነን። ማለቴ፣ አሁን ደህና ነን። በመሃል ደህና ያልነበርንበት ጊዜ ስላለ፣ እሱን ልነግርሽ ነው የተቀመጥኩት።

በወረቀት የጻፍኩልሽ ወደ ኋላ የቀረሁ ሰው ስለሆንኩ እንዳይመስልሽ። በመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ሞክሬ ነበር። የድሮ አድራሻሽ «የዚህች ባልደረባ ቆይታ በክብር ተጠናቋል» የሚል መልስ መለሰልኝ። የማን ድርሰት እንደሆነ አይጠፋሽም። የግል አድራሻሽንም አሁን አውቄዋለሁ፤ እንዴት እንዳወቅኩት ወደ በኋላ ትደርሺበታለሽ። ነገር ግን እዚያ አድራሻ ውስጥ በየንጋቱ ምን ሲገባብሽ እንደከረመ ካየሁ በኋላ፣ በላዩ ላይ አንድ መልእክት ልጨምርብሽ ፊት አጣሁ። ወረቀት ይሻላል። ወረቀት ቢያንስ አንዴ መጥቶ ያበቃል።

ከስንብትሽ ቀን ልጀምር፤ ጉዱ የተጸነሰው ያን ቀን ነውና።

ሊቀመንበሩ (አንቺ ያወጣሽለት ስም አሁንም በሥራ ላይ ነው፤ «ሥራ አስኪያጅ» የሚለው ማኅተሙ ብቻ ነው) ኬኩ ፊት ቆሞ፣ ቢላዋውን እንደ ማይክራፎን ይዞ የተናገረውን ታስታውሻለሽ? «ሰው ሲሄድ ሙሉ በሙሉ ይሂድ! የተቋማችን መርሕ ንጹሕ መለያየት ነው! ግማሹ ሄዶ ግማሹ የቀረ ሰው ለማንም አይበጅም!» አለ። አጨበጨብን። ኬክ ፊት ሆኖ የማያጨበጭብ የለም። አንቺም አጨበጨብሽ። አፍንጫሽ ላይ ክሬም ነበር፤ ልነግርሽ ብዬ፣ ከነገርኩሽ ትጠርጊዋለሽ ብዬ ተውኩት።

አንቺ ከበር እንደወጣሽ ጽዳቱ ተጀመረ። ኩባያሽ ከመደርደሪያው ወረደ። ስምሽ ከበሩ ላይ ተፋቀ። የኮት መስቀያሽ ከነምስማሩ ተነቅሎ ግድግዳው ላይ ቀዳዳ ቀረ፤ እትዬ ሃሎ እስከ ዛሬ «የልጅቷ ቀዳዳ» ነው የምትለው። ስልክ ተቀባያችን ከቦታዋ ተነስታ ግድግዳ ስትዳስስ ካየሽ እሱ ነው። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ እኔን አስከትሎ ሣጥኗ ካለችበት ክፍል ገባ።

ሣጥኗን ላንቺ ማስተዋወቅ ለእናት ልጇን ማስተዋወቅ ነው። ቢሆንም በወጉ ላንሳት፦ ያቺ ከኮምፒውተሮቻችን ጋር በኔትወርክ የተገናኘች፣ በሆዷ ዲስኮች የተሸከመች ጥቁር ማከማቻ፤ እኛ ሳንነቃ ስቱዲዮው ውስጥ የተቀዳውን ሁሉ አንድ በአንድ ገልብጣ ባክአፕ የምትይዝ፤ አንቺ መርጠሽ ያስገዛሻት፣ አንቺ ያስተማርሻት፣ እኛ ደግሞ አልፈን ስንሄድ እንኳ የማናያት።

ሊቀመንበሩ በስክሪኑ ላይ ስምሽን ፈልጎ አገኘና «ሰርዝ» የሚለውን ነካ። ማሽኗ «እርግጠኛ ነዎት?» ብላ ጠየቀች። ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገና ድምፁን ከፍ አድርጎ «እርግጠኛ ነኝ!» አላት።

ምንም አልሆነም።

«በጣት ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ። በቃልም ይታወቅ ብዬ ነው» አለና ተጫነው። በዚህ ዓይነት ሥርዓት ሙሉ በሙሉ ሄድሽ።

አሁን ወደ አንባቢያችን ወደ ጋሽ ምዕራፍ። አንቺ ስትሄጂ ያን ወፍራም መጽሐፍ ገና መግቢያውን አንብበው ነበር፤ ያ አገር አቋራጭ ሰውዬ በእግሩ የሚንከራተትበትን፣ ማየት የተሳናቸው አድማጮቻችን «መቼ ነው በድምፅ የሚወጣው?» እያሉ የእትዬ ሃሎን ጆሮ ያደነቆሩበትን። መግቢያውን እንደጨረሱ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ጉሮሯቸው ውስጥ መውጣት ያለበት ነገር ተገኘ። ሐኪሙ፣ እሱ ሲወጣ ድምፃቸውም አብሮ ሊወጣ እንደሚችል ነገራቸው።

«ስንት ምዕራፍ ጊዜ አለኝ?» ብለው ጠየቁት አሉ።

«አባቴ፣ ጊዜ በምዕራፍ አይለካም።»

«እኛ ቤት ነው የሚለካው» ብለውት ቀጥታ ወደ ስቱዲዮ መጡ።

ከዚያ ወዲያ ሰውዬው ከማይክራፎን ፊት የሚነሱት ውኃ ለመጠጣት ብቻ ሆነ። ድምፃቸውን ታውቂዋለሽ፤ መሃሉ ላይ ትንሽ አሸዋ ያለበት፣ ሲያነቡ ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሯቸው ልጆች ሁሉ ፊታቸው የተደረደሩ የሚመስል። ያን ሰሞን አሸዋው በዝቶ ነበር። እኔ እንግዲህ ቆራጭ ነኝ፤ እንጀራዬ ሳል፣ ምራቅ መዋጥና የገጽ መገለጥ እየቆረጡ መጣል ነው። ያን ሰሞን ከተቀመጠው የተጣለው ይበልጥ ነበር ብል ብዙም አልዋሸሁም።

ታዲያ አንድ አመል አወጡ። የቀኑ ንባብ ሲያበቃ ከኮታቸው ኪስ የመነጽር ማኅደራቸውን ያወጣሉ። መነጽሩ አፍንጫቸው ላይ ነው። ማኅደሩ ውስጥ ያለው ፍላሽ ነው።

«ዛሬ ያነበብኩትን ገልብጥልኝ።»

«ለምንዎ ነው ጋሼ?»

«ለጆሮዬ።»

በየቀኑ። ከአንድ የዝናብ ቀን በቀር ሳይገለበጥላቸው ሄደው አያውቁም። እኔና እትዬ ሃሎ ይቺን ነገር እንዴት አድርገን እንደቀለድንባት ብትሰሚ። እኔ «በመስታወት ራሱን የሚያይ ሰው አውቃለሁ፤ በፍላሽ ራሱን የሚያይ ግን እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት» እላለሁ። እትዬ ሃሎ ደግሞ በር ላይ ትጠብቃቸውና፦

«ጋሼ፣ ባለቤትዎ ምን አሉ? አንድ ጋሽ ምዕራፍ አልበቃ ብሏቸው ሁለተኛ ይዘውባቸው ይገባሉ?»

«ሁለተኛውን ማጥፋት ይቻላል» ይላሉ እየሳቁ፣ «እሱን ነው የወደደችው።»

መጽሐፉ አለቀ። በመጨረሻዋ ቃል ላይ ድምፃቸው ሊሰበር ሲል አየሁት፤ አልተሰበረም፤ መጽሐፉን አስቀምጠው ተነሱ። ሁላችንም አጨበጨብን፤ ያን ቀን ኬክ አልነበረም። ወዲያው ሆስፒታል ገቡ። ነገሩ ወጣ፣ ደህና ሆኑ፣ ድምፁም ሐኪሙ እንደፈራው አብሮ ወጣ። የቀራቸው ሹክሹክታ ነው። «ምንም አይደል» ተባባልን፤ «መጽሐፉ ተቀድቷል።»

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት የስቱዲዮውን ኮምፒውተር ስከፍት ከሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ቅጭ፣ ቅጭ፣ ቅጭ ማለት ጀመረ። ቆርጬ መጣል ያልቻልኩት የመጀመሪያው ድምፅ እሱ ነው። ትንሽ ቅጭ ቅጭ ካለ በኋላ ዝም አለ፤ እንደዚያው ቀረ። ዲስኩን ለዲስክ ሐኪሞች ላክነው፤ እነሱም ከሐዘን መግለጫ ጋር መለሱልን። የጋሽ ምዕራፍ መጽሐፍ በሙሉ እሱ ላይ ነበር።

ሊቀመንበሩ ግን ምንም አልመሰለውም። እጁን ኪሱ ከቶ፣ «አትረበሹ፤ ባክአፕ አለን» አለ። «አለን» ሲል የአያቱን ርስት የሚያሳይ ነበር የሚመስለው።

ተያይዘን ወደ ሣጥኗ ሄድን። አላወቅናትም። ዳንቴል ለብሳለች። እትዬ ሃሎ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ዙሪያዋን የሚሸፍን ነጭ ዳንቴል ሠርታ አልብሳት፣ ጫፍ ጫፉን ዘርፍ አድርጋለት፣ አናቷ ላይ የፕላስቲክ አበባ አቁማባት ነበር። እንዴት ያምራል ብለን ያለፍነው ብዙ ጊዜ ነው። ገልጠን ስናይ ያ አረንጓዴ መብራቷ ብርቱካናማ ሆኗል። ከመቼ ጀምሮ? ዳንቴሉ ነው የሚያውቀው።

እዚህ ላይ ሌላም ነገር ትዝ አለኝ። አንቺ የሄድሽ ሰሞን ሣጥኗ ጢጥ፣ ጢጥ ትል ነበር። ጢጥታው እየገባ ቀረጻ አበላሸብን። ሊቀመንበሩ «የድምፅ ተቋም ፀጥታውን ያስከብራል!» ብሎ አዘዘ፣ እኔ ድምፅ ማጥፊያዋን ፈልጌ ተጫንኩ፣ ሁለታችንም እጃችንን አራግፈን ወጣን። የታመመ ሰው አፍ ይዘን መውጣታችን ነበር ለካ።

ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢ ሊቀመንበሩ፣ አባላት እኔና እትዬ ሃሎ። ከእኛ ሌላ ሰው ስለሌለ ምርጫው ያለ ተቃውሞ አለፈ። የመጀመሪያው አጀንዳ «ሣጥኗ ምን ሆነች?» የሚል ነበር።

«አቧራ ነው» አለች እትዬ ሃሎ።

«በዳንቴል ታፍና አቧራ ከየት ይገባታል?» አልኳት።

«አንተ ደግሞ ታፍና አትበል። ለብሳ በል።»

ሊቀመንበሩ በበኩሉ መሣሪያው የባለቤትነት ስሜት አጥሮታል አለ። ሳቅንበት እንጂ፣ ሳያውቀው እውነቱን የተናገረበት ብቸኛው ስብሰባ ይህ ነው።

በአብላጫ ድምፅ አጥፍተን አበራናት። ብርቱካናማ ሆና ጠፍታ ብርቱካናማ ሆና በራች። ገመድ ተባለ፤ ገመድ ቀየርን። ሞልታ ይሆናል ተባለ፤ ሆዷ ግማሹ ባዶ ነው። ሰዓቷ ተሳስቶ ይሆናል ተባለ፤ ሰዓቷ ከሊቀመንበሩ የእጅ ሰዓት ይሻል ነበር፤ ኮሚቴው ይህ በቃለ ጉባኤ እንዳይሰፍር ወሰነ። ሊቀመንበሩ በመጨረሻ ጎኗን በመዳፉ መታ መታ አደረጋት፤ በሬ የሚገዛ ነው የሚመስለው።

ያኔ ነው አንቺ ትዝ ያልሽኝ። ማሽን እምቢ ባለን ቁጥር እጃችንን እየመታሽ የምትይው፦ «መጀመሪያ የጻፈችውን አንብቡ እንጂ!» ሣጥኗ የሆነችውን ሁሉ የምትመዘግብበት ገጽ እንዳላት እያወቅን ሁላችንም ገመድ ስንጎትት ነው የዋልነው። ከፈትኩት። ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ቀይ መስመር ነው፤ በየንጋቱ አንድ፦

«ባክአፕ አልተሳካም። የዚህ ሥራ ባለቤት የሆነው ተጠቃሚ አልተገኘም።»

ወደ ታች ወረድኩ። ወረድኩ። መጀመሪያ የተጻፈው ከኬኩ ማግስት ንጋት ላይ ነው።

እንዲህ ነበር ለካ፦ ሣጥኗን ስታሠለጥኛት ሥራውን በአንቺ ስም ሰጥተሻታል። በየንጋቱ ወደ ስቱዲዮው ኮምፒውተር የምትገባው በአንቺ ቁልፍ ነው። እኛ ስምሽን ስንሰርዝ ቁልፉን ነጠቅናት። እሷ ግን በየንጋቱ ተነስታ በሩ ድረስ እየሄደች፣ ቁልፍ አጥታ እየተመለሰች፣ የሆነችውን በሐቀኝነት እየጻፈች ከረመች። ከመሄድሽ በፊት የተቀዳው ሁሉ ሆዷ ውስጥ አለ። ከጋሽ ምዕራፍ መጽሐፍ ግን ያላት መግቢያውን ብቻ ነው።

«ታዲያ ይሄ ባለቤት የተባለው ማነው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ያን ዕለት የሰረዟት ናት» አልኩት። «በቃልም በጣትም።»

ወደ ስክሪኑ ዘንበል አለ። የተጸጸተ መስሎሽ እንዳታዝኚለት። ከእያንዳንዱ ቀይ መስመር ሥር ሌላ መስመር አለ፦ «ማስታወቂያ ተልኳል» ይልና የግል አድራሻሽ ይከተላል። ሊቀመንበሩ ያቺን ሲያይ ነፍስ ዘራ።

«አያችሁ! አያችሁ! በየንጋቱ እየተነገራት! እያወቀች ዝም! ይሄ ነው እንግዲህ ግማሹ የቀረ ሰው ማለት!»

ልዋሽሽ አልፈልግም፤ ከፋኝ። ያቺ በየንጋቱ «አልተሳካም» እየተባለች ሻይዋን ፉት እያለች ወደ አዲሱ ሥራዋ የምትሄድ ሴት አንቺ ነሽ ብዬ ማሰብ አቃተኝ። ሌላ ለማሰብ ደግሞ ማስረጃ የለኝም። እንዲህ ሆኜ ስቀመጥ እትዬ ሃሎ ከኮሚቴው ወንበሯ ተነሳች።

«እኔ ልናገርና ከዚያ እንደፈለጋችሁ አድርጉኝ» አለች። «ደውላለች።»

«ማን?»

«ልጅቷ ናታ! አንዴ መሰላችሁ? እርስዎ አይደሉ እንዴ "የሄደ ሰው ከደወለ የሉም በይ" ያሉኝ? አልኳታ። "ሊቀመንበሩን አገናኚኝ" አለች፤ የሉም። "ቆራጩን" አለች፤ ስቱዲዮ ነው፣ ቀይ መብራት በርቷል። "መብራቱ ሲጠፋስ?" አለች፤ ሲጠፋም የለም። "እትዬ፣ ሁሉም ከሌሉ ስልኩን ማን አነሳው?" ስትለኝ ጊዜ፣ ጨነቀኝና "እኔም የለሁም" አልኳት።»

ሊቀመንበሩ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

«ሳቀችብኝ። ከዚያ "እሺ እትዬ፣ ሣጥኗ ደህና አይደለችም፤ እባክሽ የሚያያት ሰው ፈልጊላት" አለችኝ። ለእርስዎ ልንገር ብል ከየት ሰማሽ ይሉኛል፤ አውርተሻታል ብለው ያባርሩኛል። ታዲያ ያቺን ዳንቴል ለምን የሠራሁላት ይመስላችኋል? እናቷ የሄደችባት፣ ክፍሉ ደግሞ በረዶ፣ በርዷት ይሆናል ብዬ እኮ ነው! እኔ ያለኝ እጄ ነው፣ በእጄ አየኋት!»

በተቋሙ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ የቴክኒክ ጥሪ በክር እንደተመለሰ በቃለ ጉባኤ ሰፈረ። ማለቴ አልሰፈረም፤ እኔ ግን እዚህ አሰፈርኩት።

«መጨረሻ ላይ የጋሽ ምዕራፍን ስልክ ጠየቀችኝ» አለች፣ «ልጠይቃቸው፣ ታመዋል አሉ ብላ። መመሪያው ስለሳቸው ምንም አይልም። ሰጠኋት።»

ያን ጊዜ ይቺን ነገር አልፌያት ሄድኩ። ጭንቅላቴ ሌላ ቦታ ነበር፤ ለጋሽ ምዕራፍ መርዶ የሚነግር ሰው ያስፈልጋል፣ ያ ሰው ደግሞ እኔ ነኝ። ሊቀመንበሩ «በድምፅዎ ላይ ስለደረሰው አደጋ በተቋሙ ስም» የሚል ጽሑፍ አዘጋጅቶ፣ ማኅተም አሳርፎ ሰጠኝ። ኪሴ ከተትኩት። እዚያው ኪሴ ውስጥ ነው ያረጀው።

በሩን የከፈቱልኝ ባለቤታቸው ናቸው። ከውስጥ ብርጭቆ በማንኪያ ሲመታ ይሰማል።

«ይሄውልህ፣ አሁን በማንኪያ ሆኗል የሚያዘኝ» አሉኝ። «አንድ ጊዜ ከመታ ውኃ ነው። ሁለት ጊዜ ከመታ ዕቃ ጠፍቶበታል። ደጋግሞ ከመታ እንግዳ እንዲሄድለት ፈልጎ ነው፤ እሱን ከሰማህ ተነስ።»

ጋሽ ምዕራፍ መስኮቱ አጠገብ ሻርባቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ላይ ያቺ የድሮ ሳቅ አለች፤ ድምፁ ብቻ ነው የሌላት። ወንበር ሳብኩና ጀመርኩ። ኮምፒውተሩን ነገርኳቸው። ሣጥኗን ነገርኳቸው። እንደ ቀረጻ መሃል ላይ ማቆምና እንደገና መጀመር ቢቻል እንዴት ጥሩ ነበር።

«ከየትኛው ምዕራፍ ጀምሮ?» አሉ በሹክሹክታ።

«ከአንድ።»

«እስከ?»

«እስከ መጨረሻው ጋሼ። የለም። መጽሐፉ የለም።»

ማንኪያዋን አነሱ። መነሻዬ ደረሰ ብዬ ጉልበቴን አዘጋጀሁ። ብርጭቆውን ሁለት ጊዜ መቱና ወደ አልጋው ጠቆሙ። ባለቤታቸው ሄደው ከትራስ ሥር አንድ ነገር አምጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡት። የመነጽር ማኅደር ነው።

ወዲያው ገባኝ ልልሽ እወድ ነበር። እኔ ግን ማኅደሩን ይዤ «መነጽርዎ እኮ ዓይንዎ ላይ ነው» አልኳቸው። ሰውዬው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ያለ ድምፅ ሳቁ።

«ደወለችልኝ» አሉ፤ ለእያንዳንዱ ቃል ትንፋሽ እየሰበሰቡ። «"ጋሼ፣ ሣጥኗ አትይዝም፤ እኔን ደግሞ አይሰሙኝም። እባክዎን በየቀኑ ቅጂ ይጠይቁ፤ አንድ ቀን እንኳ አይዝለሉ" አለችኝ። "ለቆራጩ ልንገረው?" ብላት፣ "ከነገሩት ለሊቀመንበሩ ይነግራል፤ እሱ ኮሚቴ ያቋቁማል፤ ኮሚቴው ስልኩን ማን ሰጣት ይላል፤ እትዬ ሃሎ እንጀራዋን ታጣለች" አለች። ዝም አልኩ። ሰው ሲጠይቀኝ ለጆሮዬ ነው አልኩ።»

«እኔ እኮ በገዛ ድምፁ ፍቅር የያዘው ነበር የመሰለኝ» አሉ ባለቤታቸው። «ታዲያ አንድ ቀን እንኳ ከፍቶት አያውቅም።»

«የራሴን ድምፅ መስማት አልወድም» አሉ ጋሽ ምዕራፍ።

የኔ እመቤት፣ እዚያ ወንበር ላይ ምን ያህል እንዳነስኩ ልነግርሽ አልችልም። በየቀኑ እኔው ነኝ የገለበጥኩላቸው። ያ ሁሉ ቀልድ፣ ያ «በፍላሽ ራሱን የሚያይ»፣ ያ የእትዬ ሃሎ በር ላይ መጠበቅ፣ ያ ሁሉ ባክአፕ ነበር። አንቺ ከሩቅ ሆነሽ፣ ሣጥን ብንከለክልሽ ከሰው ሣጥን ሠራሽ፤ ሰውዬው ደግሞ የመጨረሻ ድምፃቸውን ይዘው በየቀኑ እየተሾፈባቸው ከበር ወጡ።

ስቱዲዮ ወስጄ ከፈትኩት። ሁሉም አለ። አንድ ምዕራፍ ሲቀር። አንድ ቀን ዝናብ ዘንቦ ሌላውን ኮታቸውን ለብሰው መጥተው ነበር፤ ማኅደሩ ቤት ቀረ፤ በማግስቱም የትናንቱን መጠየቅ ረሱ። ያን ቀን «ዛሬ ሁለተኛው ጋሽ ምዕራፍ ዓመት ፈቃድ ወጣ?» ብዬ እንደቀለድኩ ትዝ ይለኛል። ምላሴ ሁሉንም ቀን ያስታውሳል።

ሊቀመንበሩ ለጎደለው ምዕራፍ ሌላ አንባቢ እንፈልግ አለ። ጋሽ ምዕራፍ ሰሙና ሻርባቸውን ጠምጥመው መጡ። ማይክራፎኑን ከንፈራቸው ላይ እስኪደርስ አስጠጋሁት። ሊቀመንበሩ ማንም ሳያዘው ማራገቢያውን አጠፋ፤ በሩ እንዳይንቋቋ ራሱ በጀርባው ተደግፎ ቆመ፤ እስኪያልቅ እዚያው ቆመ። ምዕራፉን በሹክሹክታ አነበቡት። አሸዋው ብቻ ነው የቀረው፤ ግን የሳቸው አሸዋ ነው። ሲያልቅ እንደ ልማዴ መቁረጥ ልጀምር ተቀመጥኩ። ትንፋሻቸው አለ፤ መዋጣቸው አለ፤ ገጹ ሲገለጥ ይሰማል። ምንም አልቆረጥኩም።

መጽሐፉ ከወጣ በኋላ አንዲት አድማጭ ደወለች። «ያ ምዕራፍ ላይ ሹክ የሚሉት ሰውዬው ሸምበቆ ውስጥ ስለተደበቀ ነው አይደል? እኔም ቤቴ ሆኜ ትንፋሼን ዋጥኩ እኮ!» አለች። ለካ የጎደለው ምዕራፍ ሰውዬው ከሚያሳድዱት የሚደበቅበት ነው። «አዎ» አልኳት። «በደንብ አስበንበት ነው።» በዚህች ውሸት ኩራት ይሰማኛል።

ሣጥኗም ዳነች። ለሥራው አዲስ ባለቤት መስጠት ነበረብን። ሊቀመንበሩ «በእኔ ስም ይሁን» አለ። «እርስዎ በንጽሕና ሲለዩንስ?» ስለው ትክ ብሎ አየኝ። አንድ ቀን እሱም ኬክ ሊቆረጥለት እንደሚችል ያን ጊዜ ነው የገባው መሰለኝ። በመጨረሻ የማንም ያልሆነ፣ መጥቶ የማይሄድ፣ ኬክ የማይበላ ተጠቃሚ ፈጠርንና ስሙን «ሣጥኗ ራሷ» አልነው። ቁልፉ አሁን የራሷ ነው። መብራቷ አረንጓዴ ናት። ዳንቴሉም አልወለቀም፤ እትዬ ሃሎ በመብራቱ በኩል ክብ መስኮት አውጥታለታለች። እኔም በየሳምንቱ ከሆዷ አንድ ነገር አውጥቼ በጆሮዬ እሰማለሁ፤ ባክአፕ አለን ማለትና ባክአፕ መስማት የተለያየ መሆኑን ተምሬያለሁ።

አንድ ነገር ቀርታ ነበር። ማስታወቂያው የሚላክበት አድራሻ፣ ያንቺው። ሊቀመንበሩ ለመርሑ ሲል ጠቋሚዋን ወስዶ «ሰርዝ» ላይ አሳረፋት። ማሽኗም እንደ ልማዷ ጠየቀች፦ «እርግጠኛ ነዎት?»

እጁ ቆመ። እኔን አየኝ። እትዬ ሃሎን አየ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «አይ፣ እርግጠኛ አይደለሁም» አላት።

ከዚያ በጣቱም «ተው» የሚለውን ተጫነ።

ስለዚህ እህቴ፣ ከእንግዲህም በየንጋቱ ትጽፍልሻለች። አንድ መስመር ብቻ ናት፦ «ባክአፕ ተሳክቷል»። ማሽን ናት ብለሽ አትሰርዣት። ጋሽ ምዕራፍ ማንኪያቸውን ይዘው በመስኮቱ እያዩ መሆናቸውን፣ እትዬ ሃሎ የመስቀያሽን ቀዳዳ እየዳሰሰች ማለፏን፣ እኔም ሳል እየቆረጥኩ መዋሌን፣ እሷ በአንድ መስመር አጣጥፋ ነው የምትልክልሽ። ሌላ ሰላምታ ብንልክልሽም ከዚህ አይበልጥም።

አንድ ቀን ደግሞ «አልተሳካም» ካለችሽ ደውዪ። እትዬ ሃሎ ታነሳዋለች። አዲስ መመሪያ ወጥቶላታል፤ በራሷ እጅ ጽፋ ስልኩ ላይ ለጥፋዋለች፤ አንዲት ቃል ናት። ማንን ብትጠይቂያት፣ መብራቱ ቢበራም ቢጠፋም፣ «አሉ» ትልሻለች።

ምንም ሳይቆረጥ፣

ቆራጩ